የዶሮ ገበያው ሲመለስ
በፍራንክፈርት አም ማይን ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



በዚህ ከተማ መሐል፣ ከካቴድራሉ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሲኬድ አንዲት ጠባብ አደባባይ አለች። ጀርመኖቹ ሁነርማርክት ይሏታል፤ የዶሮ ገበያ ማለት ነው። ብዙዎቻችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ቅዳሜ ከሰዓት አልፋችሁባታል። ዙሪያዋን የከበቧት ቤቶች ቀጫጭንና ረጃጅም ናቸው፤ ጣሪያቸው ሾጣጣ ነው፣ ፎቃቸው ከሥሩ ካለው ፎቅ ወደ መንገዱ ትንሽ ወጣ ይላል። እንግዳ ሰው ሦስት አራት መቶ ዓመት የቆሙ ይመስሉታል። አደባባይዋ አጥሯ ተነሥቶ ለሕዝብ የተከፈተችው ግን በ2018 ነው። ከዚያ በፊት እዚያው ቦታ ላይ ትልቅ የኮንክሪት ሕንፃ ቆሞ ነበር። ከኮንክሪቱ በፊት የመኪና ማቆሚያ ነበር። ከመኪና ማቆሚያው በፊት ደግሞ አመድና ፍርስራሽ።

ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራላችሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ የአገሩ መዝገብ የተያዘው በዚያ ስለሆነ።

የዛሬው ንግግሬ አንድ ነገር ላይ ያርፋል። ፍራንክፈርት ገንዘብ የቸገራት ከተማ አይደለችም። ነገር ግን ገንዘብ ብቻውን እነዚህን ቤቶች ሊመልሳቸው ባልቻለ ነበር። የመለሳቸው፣ ቤቶቹ ገና ቆመው ሳሉ ሜትር ይዘው ደረጃ ለደረጃ የለኳቸው ሰዎች ሥራ ነው። የእነዚያን ሰዎች ነገር ሳልነግራችሁ ከዚህ መድረክ ብወርድ ይቆጨኛል።

በፊት ምን እንደነበረች ላስታውሳችሁ። ስሟ በጽሑፍ የተነሣው በ794 ሻርለማኝ የጳጳሳት ጉባኤ በጠራባት ጊዜ ነው። በ1240 ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ፍሬድሪክ ወደ ገበያዋ የሚመጣ ነጋዴ በመንገድ ላይ እንዳይነካ በጥበቃው ሥር አደረገው፤ የዛሬው የዓለም የንግድ ትርኢት ሥሩ እዚያ ድረስ ይሄዳል። በ1356 «የወርቅ ማኅተም» የተባለው ሕግ የጀርመን ነገሥታት የሚመረጡባት ከተማ አደረጋት። ከ1562 እስከ 1792 ባለው ዘመን ደግሞ የዘውዱ በዓል በአብዛኛው በዚሁ ካቴድራል ይፈጸም ነበር። ዘውድ የጫነው ንጉሥ ከካቴድራሉ ወጥቶ፣ በገበያው ጎዳና በዶሮ ገበያው አጠገብ አልፎ፣ ሮመር ወደሚባለው ማዘጋጃ ቤት ለግብር ይሄዳል። ግብር ስል እኛ የምናውቀውን የንጉሥ ግብር ማለቴ ነው፤ ንጉሡ በአዳራሹ ይቀመጣል፣ ሕዝቡ ደግሞ በአደባባዩ ይበላል፣ ይጠጣል።

ይህ ሁሉ ክብር አሮጌውን ከተማ ከውድቀት አላዳነውም። ውድቀቱ የመጣው በቦምብ ነው ብሎ የሚያስብ ብዙ ሰው አለ፤ የጀመረው ግን ከቦምቡ በፊት ነው። በ1866 ፍራንክፈርት ነጻ ከተማነቷን አጥታ በፕሩሺያ እጅ ወደቀች። ባለጸጎቹ ሰፊ ግቢና ዛፍ ፍለጋ ቬስትኤንድ ወደሚባለው ሰፈር ወጡ። በ1888 ትልቁ የባቡር ጣቢያ ከከተማው በስተምዕራብ ተከፈተና ንግዱ እግሩን ተከትሎ ሄደ። በካቴድራሉ ዙሪያ የቀረው ድኻው ነው። አንድ ቤተሰብ በሠራው ቤት ውስጥ አምስት ስድስት ቤተሰብ ተጨናንቆ ይኖር ጀመር፤ ጓሮው ፀሐይ አያይም፣ ግድግዳው እርጥበት ይጠጣል። ከ1904 ጀምሮ ብራውባኽ የሚባለው ጎዳና ሰፈሩን ሰንጥቆ ሲያልፍ መቶ ገደማ ቤቶች ፈረሱ። ስለ አሮጌ ከተማ ስንናፍቅ ይህንንም አብረን ማስታወስ አለብን፤ ያ ሰፈር ለሚያየው ሰው ውብ፣ ለሚያድርበት ሰው ግን መከራ ነበር።

ወደ ለኪዎቹ ልምጣ።

በ1922 ፍሪድ ሉበከ የተባለ የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁር «የአሮጌው ከተማ ወዳጆች» የሚል ማኅበር አቋቋመ። የማኅበሩን ሙሉ ስም ስትተረጉሙት «የሚሠሩ ወዳጆች» የሚል ቃል አለበት፤ ይህችን ቃል እወዳታለሁ። ወዳጅነት በማድነቅ እንዳይቀር ብለው ነው ያስገቧት። በዚያው አሥር ዓመት ሄርማንና ሮበርት ትሮይነር የሚባሉ ወንድማማቾች አሮጌውን ከተማ በትንሹ መልሰው መሥራት ጀመሩ። የጣሪያውን ቁልቁለት፣ የመስኮቱን ብዛት፣ የጓሮውን ጥበት እያንዳንዱን እያዩ ሰፈሩን በሙሉ በሞዴል አቆሙት። ሥራው ጦርነቱን አልፎ አሥርተ ዓመታት ፈጀባቸው፤ ቤቶቹ ከተቃጠሉ በኋላም የሌሉ ቤቶችን መሥራት ቀጠሉ። ሞዴሉ ዛሬ ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ካለው ከሮመርበርግ አደባባይ አጠገብ፣ በታሪክ ሙዚየም ውስጥ ነው። ሄዳችሁ እዩት፤ ጎንበስ ብላችሁ ዓይናችሁን ከጎዳናዎቹ ልክ አድርጋችሁ ስታዩት በሰው ሰፈር ውስጥ የቆማችሁ ይመስላችኋል።

በ1942 የጀርመን ከተሞች መቃጠል ሲጀምሩ የሉበከ ማኅበር ጥድፊያ ውስጥ ገባ። የሕንፃ ባለሙያዎች፣ የግንባታ ትምህርት ቤት መምህራንና ተማሪዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ለኩ፣ ነደፉ፣ ፎቶ አነሡ። ሌላም ሥራ ተሠርቶ ነበር፤ ቤቶቹ እርስ በርስ ስለተያያዙ የምድር ቤቶቻቸውን ግድግዳ ሰብረው ከአንዱ ወደ አንዱ መተላለፊያ ከፈቱ፤ የአደጋ መውጫውንም ሮመርበርግ ላይ በፍትሕ ምንጭ አጠገብ አደረጉት። ከተማው ሲነድ ብዙ መቶ ሰዎች ከመሬት በታች እየዳኹ በዚያች ቀዳዳ ወጥተው ተርፈዋል።

የጎተ ቤትንም ያዳነው ተመሳሳይ ጥንቃቄ ነው። ባለቅኔው በ1749 የተወለደበት ቤት ኃላፊ የነበረው ኤርንስት ቦይትለር እቃውን፣ ሥዕሉን፣ መጽሐፉን አስቀድሞ ከከተማ አወጣ፤ ቤቱም በዝርዝር ተመዝግቦ ነበር።

መጋቢት 1944 መጣ። በ18ና በ22 የወደቀው ቦምብ አሮጌውን ከተማ ጨረሰው። ቤቶቹ ከወገብ በላይ የእንጨት ማገርና ጭድ የተቀላቀለበት ጭቃ ናቸው፤ የእኛን አገር ጭቃ ቤት የሚያውቅ ሰው እሳት በዚያ ላይ ምን እንደሚያደርግ አይጠፋውም። ከ1,200 በላይ የነበሩት የእንጨት ማገር ቤቶች ከጥቂቶቹ በቀር ጠፉ። የጎተ ቤት የነደደው በ22 ነው፤ ጎተ በ1832 የሞተበት ዕለት መሆኑ ነው። በጦርነቱ ዘመን በዚች ከተማ በቦምብ የሞተው ሰው ከ5 ሺህ በላይ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ክርክር ነው የአንድን ከተማ ልብ የሚያሳየው። ፍርስራሹን ማንሣቱ አላከራከረም፤ በ1946 ከንቲባው ዋልተር ኮልብ ራሳቸው መቆፈሪያውን ይዘው ጀመሩ፣ ሕዝቡም ተከተለ። ክርክሩ የጎተ ቤት መልሶ ይሠራ ወይስ አይሠራ የሚለው ነበር። ዋልተር ዲርክስ የተባለው ጸሐፊ አይሠራ አለ። ቤቱ የጠፋው በድንገት አይደለም፣ የጀርመን ሕዝብ ከሠራው ጥፋት ጋር የተያያዘ ነው፤ ስለዚህ ስንብቱን በድፍረት እንቀበል አለ። ይህ የቀላል ሰው ቃል አይደለም፣ ዛሬም ሳነበው ያሳስበኛል። ከተማው ግን ሌላውን መረጠ፤ እቃውም መዝገቡም ስለነበረ ቤቱ በ1951 ተመልሶ ተከፈተ።

ቀሪው አሮጌ ከተማ እንዲህ ዕድለኛ አልነበረም። በ1949 ፍራንክፈርት የምዕራብ ጀርመን ዋና ከተማ ትሆናለች ተብሎ የምክር ቤት አዳራሽ ሁሉ ተሠርቶ ነበር፤ ምርጫው ግን ለቦን ሆነ። ከተማዋ ፊቷን ወደ ባንክና ወደ መኪና መንገድ አዞረች። በካቴድራሉና በሮመር መካከል ያለው መሬት ለብዙ ዓመታት ፓርኪንግ ሆነ። ከ1972 እስከ 1974 እዚያው ላይ የማዘጋጃ ቤቱ የቴክኒክ ክፍሎች የሚሠሩበት ግዙፍ ኮንክሪት ተነሣ። ገና ሳይፈርስ በአጠገቡ አልፌያለሁ፤ ከካቴድራሉ ማማ ሥር ቆሞ ቀና ያለ ሰው ማማውን ትቶ እሱን ነበር የሚያየው። ያ ኮንክሪት የተነሣበት ዘመን ቤት ኪራይ የናረበት፣ በቬስትኤንድ ተማሪና ስደተኛ የያዟቸውን ባዶ ቤቶች ከፖሊስ የሚከላከሉበት ዘመን ነበር። ከተማዋን አንዳንዱ ባንክፈርት፣ አንዳንዱ ክራንክፈርት ይላት ጀመር፤ ክራንክ ማለት ታማሚ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደ 690 ሺህ የደረሰው ነዋሪ በ1980ዎቹ አጋማሽ 600 ሺህ ገደማ ሆነ።

ማንሰራራቱ በአንድ ቀን አልመጣም። የመጀመሪያው ምልክት የድሮው ኦፔራ ቤት ነው። ከ1944 ጀምሮ ጣሪያ አልባ ሆኖ ቆሞ፣ ውስጡ ዛፍ በቅሎበት ነበር። በ1965 የሄሰን ሚኒስትር የነበሩት ሩዲ አርንት በዳይናማይት ይፍረስ የሚል ሐሳብ ቢሰነዝሩ «ዳይናማይት ሩዲ» የሚል ቅጽል ወጣላቸው፤ ሕዝቡ ተቆጥቶ ገንዘብ አዋጣ። ሕንፃው በነሐሴ 28 ቀን 1981 ተከፈተ። ብዙ ሳይቆይ ከሮመር ፊት ለፊት ያሉት የእንጨት ቤቶች ረድፍ በአሮጌው መልክ ተሠራ፤ በባህል ኃላፊው በሂልማር ሆፍማን ዘመን ደግሞ በማይን ወንዝ ዳር ሙዚየም በሙዚየም ላይ ተከፈተ። ሰው ወደ መሐል ከተማ እግሩን ማንሣት ጀመረ።

በ2005 ያ ኮንክሪት ይፍረስ ተባለና ለቦታው የንድፍ ውድድር ወጣ። አሸናፊው ንድፍ ዘመናዊ ነበር፤ ትልልቅ ሕንፃ፣ ጠፍጣፋ ጣሪያ። ሕዝቡ አልተቀበለውም። ዜጎች ማኅበር አቋቋሙ፣ አሮጌው ሰፈር በኮምፒውተር ተሠርቶ ታየ፣ በምክር ቤቱ ስብሰባ ላይ ክርክሩ ጋለ። በ2007፣ በከንቲባ ፔትራ ሮት ዘመን፣ ምክር ቤቱ አሮጌዎቹ ጎዳናዎች በአሮጌ መስመራቸው እንዲመለሱ ወሰነ። 35 ቤቶች ተሠሩ፤ 15ቱ የጠፉት ቤቶች ግልባጭ ናቸው፣ 20ዎቹ ደግሞ የዛሬ ባለሙያዎች በሰፈሩ ልክ የነደፏቸው አዳዲሶች። መሬቱ ወደ 7,000 ካሬ ሜትር፣ ወጪው ወደ 200 ሚሊዮን ዩሮ። ሥራውንም ከባድ ያደረገው ከላይ የማይታይ ነገር ነው፤ ሰፈሩ የቆመው በምድር ውስጥ የባቡር ጣቢያና በመኪና ማቆሚያ ጣሪያ ላይ ነው። አንዲት የ1618 ቤት ምሰሶዋ የሚያርፈው በ1970ዎቹ ኮንክሪት ላይ መሆኑን ስታስቡ ከተማ እንዴት ያለ የተደራረበ ነገር እንደሆነ ይገባችኋል።

ያቺን ቤት በቅርብ እንያት። የወርቅ ሚዛን ትባላለች፤ ከካቴድራሉ በር ፊት ለፊት ጥጉ ላይ ናት። የሠራት አብርሃም ፋን ሃመል የሚባል የጣፋጭና የቅመም ነጋዴ ነው። የተወለደው እዚህ አይደለም። በእምነቱ ምክንያት ከስፔን ገዢዎች ሥር ከነበረው የዛሬው የቤልጅየም አገር ተሰዶ የመጣ ሰው ነው። ስደተኛው በዚች ከተማ እጅግ ውብ ከሚባሉት ቤቶች አንዱን አቆመ። ታችኛው ፎቅ የማይን አካባቢ ቀይ ድንጋይ ነው፤ ጥጉ ላይ በወርቅ የተቀባ ሚዛን የያዘ ክንድ ወጥቷል። ወደ ላይ ስትወጡ የእንጨቱ ማገር ይጀምራል። ከጣሪያው ላይ ደግሞ ነጋዴው አየር የሚቀበልባት የአበባ ቦታና ትንሽ ምንጭ ያላት ሰገነት አለች። በዚህ ሰፈር ግድግዳዎች ላይ ዓይናችሁን ብታሳርፉ በደማቁ አዲስ ድንጋይ መሐል ጠቆር ያለ፣ ጠርዙ የተሸራረፈ ድንጋይ ታገኛላችሁ። እሱ የድሮው ነው። ከፍርስራሹ የተለቀሙ የቅርጽ ድንጋዮች በመጋዘን፣ በሙዚየም፣ በሰው አጥር ግቢ ስልሳና ሰባ ዓመት ኖረው ተመልሰዋል። አዲሱን እንደ አሮጌ አላቀለሙትም፤ ልዩነቱ እንዲታይ ተዉት። ይህን በጣም ወድጄላቸዋለሁ።

ከዚያ ወጣ ብሎ ቀዩ ቤት አለ፤ ሥሩ ክፍት ሆኖ በሦስት ወፋፍራም የኦክ ምሰሶዎች ላይ ቆሟል። ጥንት የሥጋ ነጋዴዎች ቋሊማ የሚሸጡበት ጥላ ነበር፤ ዛሬም ትኩስ ቋሊማ በሰናፍጭ ይሸጥበታል።

ይህን ሁሉ ያወደስሁት ተቃውሞውን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። አፓርታማዎቹ 80 ገደማ ናቸው፤ ገዝቶ የገባባቸው ገንዘብ ያለው ሰው ነው። ያ ሰፈር በዘመኑ የድኻ ሰፈር እንደነበረ ነግሬያችኋለሁ፤ ቤቱ ሲመለስ ድኻው አልተመለሰም። በ2018 ደግሞ ከበድ ያለ ክርክር ተነሣ። ሐሳቡን በመጀመሪያ ወደ ምክር ቤቱ ካቀረቡት ሰዎች መካከል ከቀኝ አክራሪ ክበብ ጋር የተያያዘ ሰው አለበት፤ እንዲህ ያለው ግንባታ ከ1933 እስከ 1945 የሆነውን እንዳልሆነ ያደርጋል የሚሉ ምሁራን ተነሡ። ግማሹን ከልቤ እቀበላለሁ። በዚሁ ከተማ ከ1462 ጀምሮ አይሁድ በግንብ ታጥረው የሚኖሩበት ጎዳና ነበር። በ1987 የማዘጋጃ ቤቱ ድርጅት ለሚሠራው ሕንፃ መሠረት ሲቆፈር የዚያ ጎዳና ቤቶች መሠረት ወጣ። ሰዎች ጉድጓዱ ውስጥ ገብተው አይነካም አሉ። በመጨረሻ ሕንፃው ተሠራ፤ የአምስት ቤቶች መሠረት ብቻ ተጠብቆ ከ1992 ጀምሮ ሙዚየም ሆነ። ከአጠገቡ ያለው የአሮጌው መቃብር አጥር ላይ ከ11 ሺህ በላይ ትንንሽ የብረት ብሎኮች ተተክለዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ ከዚህ ከተማ ተወስዶ የተገደለ አንድ ሰው ስም አለ። የሚያልፉ ሰዎች በብሎኮቹ ላይ ጠጠር ያስቀምጣሉ። የዶሮ ገበያን ያየ ሰው ሁሉ አሥራ አምስት ደቂቃ በእግሩ ሄዶ እዚያም ቢቆም ደስ ይለኛል፤ ሁለቱን ሳያይ ፍራንክፈርት ተመለሰች ማለት አይችልም።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ፤ እኛና ይህች ከተማ ብዙ ሰው ከሚያስበው በላይ እንተዋወቃለን። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደዚሁ ፍራንክፈርት መብረር የጀመረው በ1958 ነው። ከዚያም 260 ዓመት ቀድሞ፣ በ1698፣ የመጀመሪያዎቹ የታተሙ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት የወጡት በዚሁ ከተማ ነው። ጸሐፊያቸው ጀርመናዊው ምሁር ኢዮብ ሉዶልፍ የኖረውም የሞተውም እዚህ ሲሆን አገራችንን በዓይኑ አላያትም። አማርኛ ያስተማሩት ኢትዮጵያዊው አባ ጎርጎርዮስ ናቸው፤ በ1649 ሮም ተገናኙ፣ በ1652 ደግሞ አባ ጎርጎርዮስ ጀርመን ውስጥ ጎታ ድረስ መጡለት። ከዚያ ተመልሰው ወደ አገራቸው ሲጓዙ በ1658 መርከብ ሰጥሞ ባሕር ላይ ቀሩ። ሉዶልፍ የሰማውን ቃል ሁሉ ጽፎ ይዞ ነበርና አባ ጎርጎርዮስ ከሞቱ ከ40 ዓመት በኋላ አማርኛቸው በፍራንክፈርት ማተሚያ ቤት ወጣ።

ተጽፎ የተያዘ ነገር እንዲህ ይተርፋል። በአገራችን ደግሞ በ2024 መጀመሪያ ላይ በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ሥራ ከፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ብዙዎቹ ፈረሱ። ከፈረሱት አንዱ ዶሮ ማነቂያ ነው። የዶሮ ገበያን ስም ከፍራንክፈርት ካርታ ላይ ባነበብሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ እሱ ነው። ያ ሰፈር ቆሻሻ ነበረው፣ ጠባብ ነበር፣ ሽንት ቤቱ ለብዙ ቤተሰብ አንድ ነበር፤ ነዋሪው የተሻለ ቤት ይገባው ነበር። ሆኖም የእንጨት በረንዳው፣ የቆርቆሮው ጣሪያ ላይ የሚወርደው የሐምሌ ዝናብ ድምፅ፣ በአንድ ጥግ ሥጋ ቤት በሌላው ጥግ ሻይ ቤት፣ እነዚህ የሆነ ስፋትና ርዝመት ነበራቸው። መልሶ ይሠራል ወይም ይሠራ እያልሁ አይደለም፤ ያ የዚያ ከተማ ሰዎች ክርክር ነው፤ ፍራንክፈርትም ስልሳ ዓመት ተከራክራለች። ግን ትሮይነር ወንድማማቾች የለኩት ባይኖር ክርክሩ የሚያርፍበት ነገር አይኖረውም ነበር።

ከመካከላችሁ ፒያሳ ተወልዳችሁ ያደጋችሁ አላችሁ፤ ስትገቡ ጥቂቶቻችሁን ጠይቄያለሁ። በመውጫው በር አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ወረቀትና እርሳስ አስቀምጫለሁ። ከመሄዳችሁ በፊት የቤታችሁን ወለል ንድፍ ሣሉልኝ። መስመሩ ቀጥ ባይልም ግድ የለም። በሩ በየት በኩል እንደነበረ፣ ደረጃው ስንት እንደነበረ፣ ከበሩ እስከ ጎረቤት ግድግዳ ስንት እርምጃ እንደሆነ ጻፉ። በአልበማችሁ ያለ ፎቶ ቢኖር ከኋላው ዓመቱንና የቆሙትን ሰዎች ስም ጽፋችሁ በሚቀጥለው ቅዳሜ ይዛችሁ ኑ። እኔ እዚህ እጠብቃችኋለሁ።